ከሀዋሳ ተነስታችሁ በረራው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ራሳችሁ የምታወጡበት መንገድ

«ከሀዋሳ ዱባይ ስንት ሰዓት ነው?» «ጅዳ በኪሎ ሜትር ስንት ይሆናል?» «እማዬ አሜሪካ ስትሄድ ስንት ሰዓት አየር ላይ ትቆያለች?» እነዚ ጥያቄዎች አሁንም አሁንም ይመጡብኛል፣ መልሱ ደግሞ እንደየከተማው፣ እንደየወሩና እንደየቲኬቱ ስለሚለያይ ለአንዱ የነገርኩት ለሌላው አይሰራም። ስለዚ አሰራሩን ልጻፈውና ማንም ሰው ስልኩንና ወረቀት ይዞ ራሱ ያውጣው ብዬ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። «ስንት ሰዓት ነው» ስትሉ ሶስት የተለያየ ነገር እየጠየቃችሁ ነው። አንደኛው አውሮፕላኑ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚበር፣ ሁለተኛው ቲኬቱ ላይ የተጻፈው የበረራ ሰዓት፣ ሶስተኛው ከሀዋሳ ቤታችሁ ወጥታችሁ እዛኛው ቤት እስክትገቡ ያለው። ሰው የሚጠይቀው ሁለተኛውን ነው፣ የሚያስፈልገው ግን ብዙ ጊዜ ሶስተኛው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኢንተርኔት ያለው ስልክ፣ ሰዓቱ ኦቶማቲክ ላይ የሆነ (ለምን እንደሆነ 5ኛው ላይ አለ)
- ጉግል ማፕስ
- ወረቀትና እስክሪብቶ፣ የስልክ ካልኩሌተር
- ቲኬት ቆርጣችሁ ከሆነ ቲኬቱ፣ ካልቆረጣችሁ የምትሄዱበት ኤርፖርት ባለ ሶስት ፊደል ኮድ
- የኢትዮጵያንና የፈረንጁን ቀን ጎን ለጎን የሚያሳይ ካላንደር፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውም ይሆናል

1. ከተማውን ትታችሁ ኤርፖርቱን ያዙ

አውሮፕላን የሚያርፈው ኤርፖርት ላይ ነው፣ ከተማ ላይ አይደለም። የሀዋሳ ኮድ ኤ-ደብሊው-ኤ ነው፣ የቦሌ ኤ-ዲ-ዲ፣ የዱባይ ዲ-ኤክስ-ቢ፣ የጅዳ ጄ-ኢ-ዲ፣ የዋሽንግተን ደለስ ደግሞ አይ-ኤ-ዲ። ኮዱ የሚያስፈልገው አንድ ከተማ ሁለት ሶስት ኤርፖርት ሊኖረው ስለሚችል ነው። ዋሽንግተን የሚሉት አካባቢ ደለስም ሬገንም ባልቲሞርም አለ፣ ለንደን ሂትሮውም ጋትዊክም አለ፣ «ዱባይ ነው» ተብሎ ሻርጃ የሚያርፍ ቲኬትም አለ። ሊቀበላችሁ የሚመጣው ዘመድ አንዱ ጋ ቆሞ እናንተ ሌላው ጋ እንዳትወጡ ከዚህ ጀምሩ።

2. የአየር ርቀቱን አውጡ

ቀላሉ መንገድ ጉግል ማፕስ ላይ መነሻ ኤርፖርቱን ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ መያዝ ነው፣ ቀይ ምልክት ሲወጣ ስሙን ንኩትና ወደ ታች ስትወርዱ «ሜዠር ዲስታንስ» የሚል ታገኛላችሁ፣ እሱን ነክታችሁ ካርታውን ወደ መድረሻው ኤርፖርት ጎትቱት፣ ታች ላይ ኪሎ ሜትሩ ይወጣል። «ዳይሬክሽን» የሚለውን እንዳትነኩ፣ እሱ የመኪና መንገድ ነው የሚሰጣችሁ። ግሬት ሰርክል ማፐር የሚባል ድረ ገጽም አለ፣ ሁለቱን ኮድ በሰረዝ አገናኝታችሁ ስትጽፉለት ርቀቱን ከነመስመሩ ይሰራላችኋል። እሱ ግን በማይል ሊሰጣችሁ ይችላል፣ ከቦሌ ዱባይ 1,560 ገደማ ካላችሁ ያ ማይል ነው፣ በ1.609 አባዙት ወደ 2,500 ኪሎ ሜትር ይመጣል። በአቪዬሽን የሚሰራበት ኖቲካል ማይል ደግሞ ሌላ ነው፣ አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ሁሌም ቁጥሩን ከማንበባችሁ በፊት ጎኑ ላይ ያለውን መለኪያ እዩ።

ኢንተርኔት ከሌለ በእጅም ይወጣል፣ አጭር ርቀት ላይ ቆንጆ አድርጎ ይሰራል። አንድ ዲግሪ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ነው። የሀዋሳ ኤርፖርት ኬክሮስ (ወደ ሰሜን የሚቆጠረው ዲግሪ) 7.10፣ ኬንትሮስ (ወደ ምስራቅ የሚቆጠረው) 38.40 አካባቢ ነው፣ ቦሌ 8.98 እና 38.80። ልዩነታቸው 1.88 እና 0.40 ነው፣ በ111 ስታባዙት 209 እና 44 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሁለቱንም ለየብቻ በራሳቸው አባዙ፣ ደምሩ፣ ስኩዌር ሩት አውጡ፣ 213 ኪሎ ሜትር ገደማ። እኛ አገር ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ነው ሁለቱንም በ111 ማባዛት የሚያዋጣው፣ ወደ ሰሜን እየራቃችሁ ስትሄዱ የኬንትሮሱ ዲግሪ እየጠበበ ስለሚሄድ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ይሄን ዘዴ እንዳትጠቀሙ።

ግድግዳ ላይ ባለ ጠፍጣፋ ካርታ በማስመሪያ መለካትም አይሆንም። መሬት ክብ ናት፣ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን አጭሩ መንገድ ካርታው ላይ ስታዩት ወደ ላይ ጎበጥ ብሎ ወደ አውሮፓ በኩል ይሄዳል፣ ቀጥ ያለ የሚመስለው መስመር ነው የሚረዝመው። ማመን ያቃተው ሉል ላይ ክር ወጥሮ ይየው።

3. የመኪናውን ርቀት ለብቻ ጻፉ

ብዙ ሰው የአየሩንና የመንገዱን እየቀላቀለ ነው ግራ የሚጋባው። ከሀዋሳ አዲስ አበባ በአየር 213 ብለናል፣ በመኪና ግን በሻሸመኔ፣ አርሲ ነገሌ፣ ባቱ፣ መቂ፣ ሞጆ አድርጋችሁ 275 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ባህር ዳር ደግሞ በአየር 330 ገደማ ሆኖ በደብረ ማርቆስ በኩል በመኪና ከ500 በላይ ነው፣ አባይ በረሃ ወርዳችሁ ስትወጡ መንገዱ ምን ያህል እንደሚጠማዘዝ የሄደ ያውቀዋል። ስለዚ «ባህር ዳር በመኪና ይሄን ያህል ስለሆነ በአውሮፕላን እንዲህ ይሆናል» ብላችሁ አትገምቱ፣ አንዱ ከሌላው አይወጣም።

4. ኪሎ ሜትሩን ወደ ሰዓት ቀይሩ

ለጄት በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ያዙ፣ ርቀቱን አካፍሉና ላዩ ላይ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። አገር ውስጥ ለሚበረው ባለ ሁለት ፕሮፔለር ኪው 400 ደግሞ 600 ያዙ፣ ለእሱ የምትጨምሩት ግን 20 ደቂቃ ይሁን።

ግማሽ ሰዓቱ ለምን? አውሮፕላን በሩን ዘግቶ ወደ ኋላ ተገፍቶ፣ አኮብኩቦ፣ ተራ ጠብቆ ነው የሚነሳው፣ ከተነሳ በኋላም ከፍታውን እስኪይዝ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ሲያርፍም እንደዛው። ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ ከቆመበት እስከሚቆምበት ያለው በሙሉ ነው፣ አየር ላይ ያለው ብቻ አይደለም።

- ሀዋሳ ቦሌ፦ 213 ለ600 ሲካፈል 21 ደቂቃ፣ ሲደመር 20፣ ወደ 40 ደቂቃ። ፕሮግራሙም ከ40 እስከ 45 ነው የሚለው። «213 ኪሎ ሜትር 20 ደቂቃ ነው» የሚል ሰው ያኛውን 20 ረስቷል ማለት ነው።
- ቦሌ ናይሮቢ፦ 1,160 ኪሎ ሜትር፣ 2 ሰዓት ገደማ።
- ቦሌ ጅዳ፦ 1,400 ኪሎ ሜትር፣ 1 ሰዓት ከ45 ሲደመር 30 ደቂቃ፣ 2 ሰዓት ከሩብ።
- ቦሌ ዱባይ፦ 2,500 ኪሎ ሜትር፣ በሂሳቡ 3 ሰዓት ከ40፣ በፕሮግራሙ ግን ወደ 4 ሰዓት ነው።

ዱባይ ላይ ያለው ልዩነት የመጣው አውሮፕላን ክሩ ላይ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ ነው። የተመደበለት የአየር መስመር አለ፣ የሚዞረው ሰማይ አለ፣ አየር መንገዶችም ለመዘግየት ትንሽ መጠባበቂያ ፕሮግራሙ ላይ ይጨምራሉ። ስለዚ በሂሳብ ያወጣችሁት ከቲኬቱ በ20 ወይም በ30 ደቂቃ ቢያጥር አትደናገጡ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ከተለያየ ግን የሆነ ነገር አለ፣ ወይ መሀል ላይ ማረፊያ አለ ወይ የሰዓት ልዩነቱን ረስታችኋል።

ረጅም በረራ ላይ ደግሞ ንፋስ ይገባል። ከእኛ በስተሰሜን፣ አውሮፓና አትላንቲክ ላይ፣ አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ ከምዕራብ ወደ ምስራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ንፋስ አለ፣ ከአሜሪካ ሲመጡ ከኋላ ይገፋል፣ ሲሄዱ ከፊት ይይዛል። ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ሲመለሱ ቀጥታ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሲሄዱ ግን ከቦሌ የሚነሳው በረራ ነዳጅ ለመሙላት መንገድ ላይ ስለሚያርፍ ከ15 ሰዓት ያልፋል። ቦሌ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው፣ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ጭኖ ለመነሳት ይከብደዋል። «የመሄጃውን እጥፍ አድርጌ ደርሶ መልስ አወጣሁ» የምትሉ ይሄን ያዙልኝ።

5. የቲኬቱን ሰዓት ወደ ሀበሻ ሰዓት አምጡ

እዚ ጋ ረጋ በሉ፣ ሰው አውሮፕላን የሚያመልጠው እዚ ጋ ነው። ርቀቱን አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ብትስቱ ማንም አይጎዳም፣ ይሄን ከሳታችሁ ግን ቲኬቱ ሄደ።

ቲኬት ላይ ያለው በሙሉ የፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ከ00 እስከ 23 የሚቆጥር። አቀያየሩ ይሄ ነው፣

- ከ07 እስከ 18 ያለውን 6 ቀንሱ። 07:00 ጠዋት 1 ሰዓት ነው፣ 13:30 ከቀኑ 7:30።
- ከ19 እስከ 23 ያለውን 18 ቀንሱ። 22:35 ከምሽቱ 4:35 ነው።
- ከ00 እስከ 06 ያለው ላይ 6 ጨምሩ። 01:15 ከሌሊቱ 7:15 ነው።

ዋናው ችግር ሶስተኛው ነው። በፈረንጁ ቀኑ የሚቀየረው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው፣ እኛ ደግሞ እስኪነጋ ድረስ ያው የትናንቱ ሌሊት ነው የምንለው። ቲኬቱ «ሮብ 00:30» ካለ ያ ማለት ማክሰኞ ለሮብ አጥቢያ ከሌሊቱ 6:30 ነው፣ ኤርፖርት የምትገቡት ማክሰኞ ከምሽቱ 3:30 ነው፣ ከሀዋሳ የምትነሱት ደግሞ ማክሰኞ ጠዋት ነው። «ሮብ ነው በረራዬ» ብሎ ሮብ ጠዋት ከመናኸሪያ የተነሳ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ግማሽ ቀን አልፎታል። ወረቀታችሁ ላይ እንዲህ በሙሉ ጻፉት፣ «ማክሰኞ ለሮብ፣ ከሌሊቱ 6:30»። በተለይ ለእናት ለአባት የምትቆርጡ ልጆች፣ የተረጎማችሁትን በአማርኛ በትልቁ ጽፋችሁ ስጧቸው እንጂ ቲኬቱን ብቻ ፎቶ አንስታችሁ አትላኩ።

ቀኑም እንደዛው ነው። ቲኬቱ ላይ ማርች 12 ካለ መጋቢት 3 ነው፣ 12 አይደለም። 03/05 የሚል ካያችሁ ደግሞ አሜሪካኖች ወሩን ነው የሚያስቀድሙት፣ ሌሎቹ ቀኑን፣ ስለዚ የወሩ ስም በፊደል የተጻፈበትን ቦታ ፈልጉ።

ስልካችሁን በእጅ ወደ ሀበሻ ሰዓት የቀየራችሁ (ብዙ ሰው ነው እንዲ የሚያደርገው፣ አውቃለሁ) ቢያንስ ለጉዞው ወደ ኦቶማቲክ መልሱት። የአየር መንገዱ አፕ ማስታወሻ የሚልክላችሁ በስልኩ ሰዓት ተመስርቶ ነው፣ ስልኩ ከተሳሳተ ማስታወሻውም ይሳሳታል።

6. የሰዓት ልዩነቱን አውጡና ትክክለኛውን የበረራ ሰዓት አረጋግጡ

መነሻው ሰዓት በመነሻው ከተማ፣ መድረሻው በመድረሻው ከተማ ሰዓት ነው የሚጻፈው፣ ዝም ብላችሁ ብትቀንሱት ይሳሳታል። ዱባይ ከእኛ 1 ሰዓት ይቀድማል፣ ጅዳና ናይሮቢ ከእኛ እኩል ናቸው፣ ጆሃንስበርግ 1 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ ጓንዙ 5 ሰዓት ይቀድማል። ዋሽንግተን በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ እነሱ ከመጋቢት መጀመሪያ ገደማ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ሰዓታቸውን አንድ ወደፊት ይገፋሉ፣ እኛ አንገፋም። አውሮፓም ይገፋል ግን ቀኑ ከአሜሪካ ጋር አንድ አይደለም።

ምሳሌ፣ ከቦሌ 22:35 ተነስቶ ዱባይ በማግስቱ 03:45 የሚገባ ቲኬት አለ እንበል። መሀሉ 5 ሰዓት ከ10 ነው፣ ዱባይ ስለሚቀድም 1 ቀንሱ፣ በረራው 4 ሰዓት ከ10 ነው። ከዋሽንግተን በሐምሌ 11:00 ተነስቶ ቦሌ በማግስቱ 07:00 የሚገባ ከሆነ መሀሉ 20 ሰዓት ነው፣ 7 ቀንሱ፣ 13። ወደ ምስራቅ ስትሄዱ ትቀንሳላችሁ፣ ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ትጨምራላችሁ፣ በቃ።

እዚሁ ጋ «ቶታል ዱሬሽን» የሚለውን ተጠንቀቁ። እሱ ትራንዚት የምትጠብቁበትንም ይጨምራል። 4 ሰዓት የሚበረር ቦታ 19 ሰዓት ካላችሁ የሆነ ኤርፖርት ወንበር ላይ ታድራላችሁ ማለት ነው። «ነንስቶፕ» እና «ዳይሬክት»ም አንድ አይደሉም፣ ነንስቶፕ መሀል ላይ ጭራሽ አያርፍም፣ ዳይሬክት ማለት የበረራ ቁጥሩ አይቀየርም ማለት ነው እንጂ መሀል ላይ ሊያርፍ ይችላል።

7. ከሀዋሳ በር እስከ መድረሻው በር ያለውን ደምሩ

ያንኑ የዱባዩን ቲኬት እንያዝ፣ ከምሽቱ 4:35 የሚነሳውን። ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚሰላው። ለውጭ በረራ 3 ሰዓት ቀደም ብላችሁ ግቡ፣ ስለዚ ምሽት 1:30 ቦሌ። በመኪና ከሆነ ከሀዋሳ እስከ ቦሌ ምሳና ሻይ ጨምራችሁ 5 ሰዓት ያዙ፣ ከሞጆ በኋላ ፈጣን መንገዱ ላይ ትሮጣላችሁ ግን ቱሉ ዲምቱ ከወጣችሁ በኋላ የአዲስ አበባን ትራፊክ ማንም አይገምተውም። መጠባበቂያ 3 ሰዓት ተኩል። ሲደመር ከሀዋሳ ጠዋት 5 ሰዓት ላይ መነሳት አለባችሁ ማለት ነው። ዱባይ ስታርፉ በእኛ ከሌሊቱ 8:45 ይሆናል፣ ለፓስፖርትና ለሻንጣ አንድ ሰዓት ጨምሩ። ያ «4 ሰዓት ነው» የተባለው ጉዞ 17 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው።

ከሀዋሳ በአውሮፕላን ከሆነ 45 ደቂቃዋን ብቻ አትቁጠሩ፣ ኤርፖርቱ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ለባጃጅ ወይ ለታክሲ ጊዜ ያዙ፣ ቼክ ኢን አለ፣ ቦሌ ስትደርሱም የአገር ውስጡና የውጭው ተርሚናል ለየብቻ ስለሆነ መቀያየሪያ ያስፈልጋል። እኔ ብሆን በሁለቱ በረራ መሀል ከ3 ሰዓት በታች አልይዝም። ከተቻለ ሁለቱንም በአንድ ቲኬት ቁረጡ፣ ያኔ የሀዋሳው ቢዘገይና የዱባዩ ቢያመልጣችሁ ሌላ በረራ ላይ ማስቀመጥ የአየር መንገዱ ስራ ነው። ለየብቻ ከቆረጣችሁ ግን ሁለተኛው ቲኬት የመጀመሪያውን መዘግየት አያውቀውም።

8. ከመሄዳችሁ አንድ ቀን በፊት ድጋሚ እዩት

ፕሮግራም ይቀየራል፣ በተለይ የአገር ውስጡ። አፑ ላይ ወይም ስልክ ደውላችሁ የመነሻ ሰዓቱን አረጋግጡ። ፍላይትራዳር24 የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ደግሞ የበረራ ቁጥሩን ስታስገቡ ያለፉት ቀናት በትክክል ስንት ሰዓት ተነስቶ ስንት ሰዓት እንደገባ ያሳያችኋል፣ ቲኬቱ ከሚለው ይልቅ ለተቀባይ ሰው የሚጠቅመው ይሄ ነው።

ማስጠንቀቂያ

- በእጅ ያወጣችሁት ሰዓት ለእቅድ ነው። ኤርፖርት የምትገቡበትን ሰዓት ሁሌም ከቲኬቱ ውሰዱ።
- ቼክ ኢን የሚዘጋው አውሮፕላኑ ከመነሳቱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው፣ ሲነሳ አይደለም። «ገና አልተነሳም እኮ» ብሎ መለመን አይሰራም።
- ዝናብ ወቅት ላይ ጠዋት ደመናና ጉም ካለ የአገር ውስጥ በረራ ሊዘገይ ይችላል። የውጭ በረራ የሚከተላችሁ ከሆነ የመጨረሻውን ሳይሆን ቀደም ያለውን የሀዋሳ በረራ ያዙ።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው

ሀዋሳ ባህር ዳር ቀጥታ ለክቶ «510 ኪሎ ሜትር ነው፣ አንድ ሰዓት ይበቃል» የሚል አለ። አገር ውስጥ በረራ በአብዛኛው የሚገናኘው ቦሌ ላይ ስለሆነ መለካት ያለበት ሀዋሳ ቦሌ ሲደመር ቦሌ ባህር ዳር ነው፣ 545 ገደማ። ኪሎ ሜትሩ ብዙ አልራቀም፣ ሰዓቱ ግን ትራንዚቱ ስላለ ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል።

ሌላው ቦርዲንግ ፓስ ላይ ያለውን «ቦርዲንግ ታይም» እንደ መነሻ ሰዓት ወይም የመነሻውን እንደ ቦርዲንግ ማንበብ ነው። ቦርዲንግ ወደ አውሮፕላኑ መግባት የሚጀመርበት ነው፣ ጌቱም ከመነሻው ሰዓት በፊት ይዘጋል።

ዘመድ ሊቀበል የሚሄድ ሰው ደግሞ «+1» የምትለዋን ትንሽ ምልክት አያይም። ከመድረሻው ሰዓት አጠገብ ካለች በማግስቱ ነው የሚደርሰው ማለት ነው፣ ጋሼን ለመቀበል አንድ ቀን ቀድማችሁ ቦሌ በር ላይ እንዳትቆሙ።